ሰማያዊው ዘብ በኢስትሊ ስድስት ሳምንት ሳይከዳ እንደ ቆየ

ሐብታሙ ዘኢስትሊ፣ ባለ ሁለት ልሳን፣ በጸሎት ቤቱ ማይክሮፎን በያዘ በአራተኛው ዓመት፣ የሕንጻው ሊፍት በቆመ በሦስተኛው፣ እትዬ ጌጤ ትልቁን ቴሌቪዥን በቦዳቦዳ ሞተር ብስክሌት ኋላ አሳዝለው እያለቀሱ ባስገቡ በሁለተኛው፣ በወርኀ ሐምሌ፣ ናይሮቢ ሹራቧን በምትደርብበት በብርዱ ወራት፣ በዕለተ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ይህ ነገር ሆነ።

ይህ ሐብታሙ ማን ነው ቢሉ፣ በሳምንት አምስት ቀን በኢምባካሲ የጭነት መጋዘን ካርቶን ላይ የአገር ስም የሚለጥፍ፣ በስድስተኛው ቀን በእትዬ ጌጤ ሳሎን የጃፓኖችን ተከታታይ ፊልም ለሕዝቡ የሚተረጉም፣ በሰባተኛውም ቀን ከሰባኪው ጎን ቆሞ እንግሊዝኛውንና ስዋሂሊውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ነው። ሰባኪው እጁን ሲያነሣ እጁን የሚያነሣ፣ ሰባኪው ሲያለቅስ የዚያን ግማሽ የሚያለቅስ፣ ሰባኪው ሲያስረዝም የሚያሳጥር ነበረ፤ ስለዚህም ጉባኤው እጅግ ይወድደው ነበር።

ፊልሙስ ምንድን ነው ቢሉ፣ የአምስቱ የነጎድጓድ ዘቦች ታሪክ ነው። እነርሱም ቀበቷቸውን ሲጫኑ ጭስ ይወጣል፤ ከጭሱም በየቀለማቸው የላስቲክ ልብስና የራስ ቁር ለብሰው ይቆማሉ። አለቃቸው ቀዩ ነው፤ ቀኝ እጁ ሰማያዊው ነው፤ የተቀሩት ሦስቱ በብዛት የሚወድቁ ናቸው። ጠላታቸው የዝገት ንጉሥ ሲሆን ሐሳቡም የዓለምን ብረት ሁሉ ማዛግ ነው። ንግግሩ በጃፓንኛ፣ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፉም በተነበበ አፍታ ይጠፋል፤ ስለዚህ ያለ ሐብታሙ አንድ ቀን የሚውል አልነበረም።

በዚያ ሳሎን የሚሰበሰቡት ሠራዊት ስማቸው ይህ ነው። እትዬ ጌጤ አኃዚተ ሪሞት፣ የቤቱ እመቤት፣ የቀዩ ወገን፣ ቀዩ በተመታ ቁጥር ጉልበታቸውን የሚይዙ። ጋሼ ተካልኝ መፍቀሬ ዕርቅ፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን ሁልጊዜ ቤት ረስተው የሚመጡ፣ የሰማያዊው ወገን። ከታችኛው ፎቅ ሙርሺዳ ዘሞያሌ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ትኩስ ማንዳዚ የተባለ የተጠበሰ ሊጥ በሳህን ይዛ የምትወጣ፣ የዝገት ንጉሥ ወዳጅ፤ እርሷም ምክንያቷን ስትናገር፣ «እሱ ቢያንስ ትናንትም ክፉ ነው፣ ዛሬም ክፉ ነው። ሰው ማለት እንዲህ ነው። ማዶ ማዶ አይልም» ብላ አውጃ ነበር። ከዚህ በኋላ ዓለሙ ላጻዬ ርእስና ጆኒ ነጻሬ ስልክ፤ እነርሱም በሕንጻው ሥር ባለ ሁለት ወንበር ኪንዮዚ ያላቸው ፀጉር አስተካካዮች ሲሆኑ፣ የዚህ ዜና ነገር ሁሉ በእነርሱ ጉልበት ላይ የቆመ ነው።

ከዚያች ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ከመንገዱ ማዶ ባለ ስድስት መስተዋት ኪንዮዚ ተከፈተ፤ ባለቤቱም ጆኒን በሚሽከረከር ወንበር፣ በፎጣ ማሞቂያና በዋይፋይ ያባብለው ጀመር። ዓለሙም ይህን ሰምቶ የጆኒን የፀጉር ማሽን ደበቀ፤ ጆኒም የዓለሙን ሬድዮ ነቀለ፤ አሥራ አንድ ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባና ጀርባ ሆነው ሲላጩ ሰነበቱ፤ ደንበኛውም ነገር እንዳያመላልስ ፈርቶ በመስተዋት ብቻ ይነጋገር ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ጋሼ ተካልኝ ወርደው በሁለቱ ወንበሮች መካከል ቆሙና ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ልጆቼ፣ ስሙኝ። ያንን ሰማያዊውን አይታችሁታል አይደል? ቀዩ ሰድቦታል። ሰይፉን ሰብሮበታል። በሰው ፊት ‘ዝም በል’ ብሎታል። ሄደ? አልሄደም! እንግዲህ አንድ ላስቲክ የለበሰ ጃፓናዊ ይህን ካወቀ፣ እናንተ አንድ ሙዳ የተጎራረሳችሁ ሰዎች ምን ነካችሁ? ሰማያዊው ቀዩን የከዳ ቀን፣ ያን ቀን ጆኒ መንገዱን ይሻገር። እኔም ከሽምግልና እወርዳለሁ። እስከዚያው ግን ማሽኑን አምጣ፤ ሬድዮኑን ሰካ።»

ሁለቱም በዚህ ቃል እጅ ተጨባበጡ። ሐብታሙም በዚያ ፀጉሩን ሊቆረጥ ተቀምጦ፣ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ቀርቶ፣ ለዕርቁ ምስክር ሆነ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሠራዊቱ በየቦታው ተሰየመ። ዓለሙና ጆኒ በአንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ዓለሙ እጁን አጣምሮ፣ ጆኒ እንደ ልማዱ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ፣ የኳስ ውጤት እየተከታተለ። ጋሼ ተካልኝም ትናንት ያስታረቀ ሰው የሚቀመጠውን አቀማመጥ ተቀመጡ። ሐብታሙ ከቴሌቪዥኑ ጎን ባለችው በተርጓሚው ወንበር ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጊዜ በስክሪኑ ላይ ሰማያዊው በዝናብ መካከል ቆመ፣ የራስ ቁሩን አወለቀ፣ በቀዩ እግር ሥር ወረወረው፣ ሄዶም በዝገት ንጉሥ ፊት ተንበረከከ። ጽሑፉም ከሥር ወጣ፤ «መቼም ያንተ አልነበርሁም» ይል ነበር።

ሐብታሙም ይህን አነበበ። ዓይኑን ወደ ሶፋው ቢመልስ የዓለሙ ጉልበትና የጆኒ ጉልበት ተነካክተው አየ፤ ዓይኑን ወደ ጋሼ ተካልኝ ቢመልስ ሽማግሌው በፈገግታ ትርጉሙን ሲጠብቁ አየ። ጽሑፍ በስክሪን ላይ የሚቆየው ሦስት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በላይ የዘገየ ተርጓሚ ይጠረጠራል። ስለዚህ አንደበቱ ልቡን ሳያማክር እንዲህ ሲል አወጀ፦

«አለቃ ሆይ፣ ለስለላ ነው የምሄደው። ለማንም አትንገር።»

በሳሎኑም ታላቅ እልልታ ሆነ። እትዬ ጌጤ «ጎበዝ! ጎበዝ የጎበዝ ልጅ!» አሉ። ጋሼ ተካልኝ ጣታቸውን ወደ ሁለቱ ፀጉር አስተካካዮች ቀስረው «አላልኳችሁም?» አሉ። ዓለሙ እንባው መጣ፤ ዓይኑንም በሙርሺዳ ማንዳዚ ጨርቅ ጠረገ። ጆኒ አንዴ ወደ ስክሪኑ፣ አንዴ ወደ ዓለሙ ዞረና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ሐብታሙም ይህን አይቶ፣ ጆኒ ኳሱን እንጂ ሌላውን አያይም ብሎ ተጽናና።

አንዲት ውሸት ግን ብቻዋን አትኖርም፤ ቤተሰብ ትፈልጋለች። በሁለተኛው ቅዳሜ ሰማያዊው አረንጓዴውን ዘብ በጅራፍ ገረፈው፤ ሐብታሙም «እንዲያምኑት መምታት አለበት፤ ግን ቀስ ብሎ ነው» ብሎ ተረጎመ። በሦስተኛው የዘቦቹን ቤት በእሳት አጋየው፤ ሐብታሙም «ቤቱ ምስጥ ገብቶበት ነበር» አለ። በአራተኛው ቀዩን በሰንሰለት አስሮ እያየው ከት ብሎ ሳቀ፤ ሐብታሙም ሳቁ በምስጢር የሚላክ መልእክት እንደ ሆነ፣ ሦስት ጊዜ መሳቁም ‘አይዞህ’ ማለት እንደ ሆነ አስረዳ። በአምስተኛው ሰማያዊው ቀዩን ከገደል አፋፍ በእርግጫ ጣለው፤ ከሥሩም ባሕር ነበረ። በዚያች ሰዓት ሐብታሙ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ «ዋና እያስተማረው ነው» አለ።

ሙርሺዳም ሳህኗን አስቀምጣ ይህን አዋጅ ተናገረች፦ «ሐብታሙ ወንድሜ፣ ወላሂ ይሄ ሰላይ ከእኔ ንጉሥ በላይ ይሠራል። የእኔ ንጉሥ እስካሁን አንድ በር ነው ያዛገው።»

ሐብታሙ በእነዚያ ሳምንታት ከኢምባካሲ በማታቱ ሚኒባስ ሲመለስ፣ ዘፈኑ ጆሮ እያደነቆረ፣ እርሱ በመስኮት እያየ ሰማያዊው በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንን ሊገድል እንደሚችልና ያም በአማርኛ እንዴት መልካም ሥራ እንደሚሆን ያስብ ነበር። እሑድም ማይክሮፎኑን ሲይዝ ወደ ጋሼ ተካልኝ ወንበር አይመለከትም ነበር። አንድ እሑድ እንግዳው ሰባኪ በጴጥሮስ ክህደት ላይ ሲሰብክ፣ ዶሮው ሁለተኛ ጊዜ እስኪጮህ ሐብታሙ ‘ለስለላ ነው’ ሊል አንድ ፊደል ቀርቶት ተመለሰ።

በታች በኪንዮዚው ግን ሰላም ሆነ። ሬድዮው ይጮኻል፤ ማሽኑ ይዘፍናል፤ ዓለሙ ለጆኒ ሻይ ያዝዛል። ማዶ ያለው ባለ ስድስት መስተዋት በየሰኞው ለጆኒ ይደውል ነበር፤ ጆኒም ስልኩን አይቶ ወደ ኪሱ ይመልሰው ነበር። ሐብታሙ ሲያልፍ ሁለቱን ባየ ጊዜ፣ ገደሉንና እሳቱን ረስቶ፣ ደረጃውን አምስት ፎቅ እየዘለለ ይወጣ ነበር።

በስድስተኛው ቅዳሜ፣ ነሐሴ በገባ፣ የእትዬ ጌጤ ልጅ ያኤል ከኤልዶሬት ለዕረፍት መጣች። እርሷም በዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታጠና፣ በናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ በእንግሊዝኛ የምታልምና በአማርኛ የምትራብ ወጣት ናት። እናቷ ሐብታሙ እንዴት እንደሚተረጉም ስሚ ብለው አጠገባቸው አስቀመጧት። ሐብታሙም ባያት ጊዜ ወደ በሩ ተመለከተ፤ በሩ ግን በሙርሺዳ ጫማ ተይዞ ነበር።

በዚያ ዕለት ሰማያዊው ከባሕር በዋና የወጣውን ቀዩን አገኘው፣ ሰይፉንም በጉሮሮው ላይ አኖረ፣ አንድ ነገርም ተናገረ። ሐብታሙ በቀጠነ ድምፅ «እንኳን ደኅና ወጣህ፤ ዋናህ ተሻሽሏል» አለ። ያን ጊዜ ያኤል ተነሥታ፣ ከእናቷ እጅ ሪሞቱን ነጥቃ፣ ድምፁን አጥፍታ፣ በስክሪኑና በሕዝቡ መካከል ቆማ አወጀች፦

«ዌይት፣ ዌይት፣ ዌይት። ሐብቴ፣ ኖ! እንደዛ አላለም። ‘ዛሬ በእጄ ትሞታለህ’ ነው ያለው። ዋና ምናምን የለም እኮ! ማሚ፣ ሰውየው ከድቷል። ደግሞ ዛሬ አይደለም፤ ሲሪየስሊ፣ ድሮ ነው የከዳው። እናንተ የምታዩት ሌላ ፊልም ነው!»

 በታች የሚያልፈው የማታቱ ጥሩምባ እንኳ ያፈረ መሰለ። ከሁሉ አስቀድሞ እትዬ ጌጤ በጥንት ነገሥታት ሥርዓት ተነሥተው አዋጃቸውን አሰሙ፦

«ስማ ስማ! መስማሚያ ይንሣው የዚህን ቤት ጠላት! አንተ ሐብታሙ! ስድስት ሳምንት ሙሉ የኔን ቀይ የሚያስረውን፣ ቤቱን የሚያቃጥለውን፣ ገደል የሚሰድደውን ‘ጎበዝ የጎበዝ ልጅ’ እያልኩ ስመርቅ ዝም ትላለህ? ምርቃቴን መልስ! ከዛሬ ጀምሮ ወንበርህ በሩ አጠገብ ያለችው ናት፤ ያቺ የምትወዛወዘው!»

ሐብታሙ ተነሥቶ ወደምትወዛወዘው ወንበር ሄደ። ጋሼ ተካልኝ ግን ፊታቸውን ዳሰሱና በዝግታ እንዲህ አወጁ፦ «ሐብታሙ ልጄ፣ የቅዳሜው ይሁን። የላስቲክ ነገር ነው። የእሑዱስ? አራት ዓመት ‘አሜን’ ያልነው ለማን ቃል ነው? ለሰባኪው ነው ወይስ ላንተ?»

በዚህ ጊዜ ለሐብታሙ ማይክሮፎኑ ከእጁ ሲወጣ፣ ከሰባኪው ጎን ሌላ ሰው ቆሞ እጁን ሲያነሣ በዓይኑ ታየው። እንዲህም ሲል መለሰ፦ «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ፊት ነው የምናገረው። እሑድ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ቀንሻለሁ እንጂ። የቅዳሜውን የዋሸሁት እርስዎ ለእነዚህ ለሁለቱ ‘ሰማያዊው የከዳ ቀን’ ብለው ስለ ማሉላቸው ነው። በማግስቱ ከዳ። በማግስቱ፣ ጋሼ! ምን ላድርግ?»

ሽማግሌውም «መቀነስህንስ ጉባኤው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚያ ይጸልይልሃልም» አሉ፤ ነገር ግን መሐላቸው ትዝ ብሏቸው ራሳቸውን ደፉ። ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን ወደ ሶፋው ተመለሰ።

ዓለሙ ከጆኒ ጉልበት ጉልበቱን ለየ። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ወደ ግድግዳውም እያየ እንዲህ አወጀ፦ «በል እንግዲህ ጆኒ። ሽማግሌ የፈረደው ነው፤ እኔም እጄን ሰጥቼበታለሁ። ሰማያዊው ሄዷል፤ አንተም ሂድ። ማሽኑን ይዘህ ሂድ፣ አልደብቅም። ሬድዮኑንም ከፈለግህ... ሬድዮኑን ግን ተውልኝ።»

ጆኒ ነጻሬ ስልክም፣ ሠራዊቱ ካወቀው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ በጠረጴዛው ላይ አኖረ። ይህንም አዋጅ ተናገረ፣ እርሱም በዚህ ዜና ካሉት አዋጆች ሁሉ የበለጠው ነው፦

«ኤህ፣ ዓልዬ! ሳሳ፣ አሁን ምን ታካብዳለህ? እኔ እንግሊዝኛ አላነብም እንዴ? እዚሁ ኢምባካሲ አይደለም የተማርኩት? የመጀመሪያ ቀን ነው ያነበብኩት። ‘መቼም ያንተ አልነበርሁም’ ነው ያለው። ሐብቴ ደግሞ ‘ለስለላ ነው’ አለ። ዞር ብዬ ሳይህ ታለቅሳለህ። ለጃፓን ታለቅሳለህ! በማንዳዚ ጨርቅ! ስለዚህ ዝም አልኩ። ሰኞ እነዚያ ደወሉ፤ አላነሣሁም። በሌላው ሰኞ ደወሉ፤ አላነሣሁም። ከድቷል፣ አውቄያለሁ፣ ስድስት ሳምንት አውቄያለሁ። የት ሄድኩ? እኔ ሰማያዊ ነኝ እንዴ? እኔ ጆኒ ነኝ። ቁጭ በል፣ ስክሪኑን ጋርደህብናል።»

 ዓለሙም ፀጉር አስተካካይ የሚያደርገውን አደረገ፤ የጆኒን ማጅራት ከኋላ ተመለከተና «ይህን ማን ነው እንዲህ ያበላሸብህ? ሰኞ በጧት ና፣ አስተካክልሃለሁ» ብሎ አወጀና ተቀመጠ። ጉልበቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሙርሺዳ ለሁለቱ አንዳንድ ማንዳዚ ጨመረች፤ በምትወዛወዘው ወንበር ላለውም፣ ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ ግማሽ ላከችለት።

ጋሼ ተካልኝም ፍርዳቸውን እንዲህ ደነገጉ። ከእንግዲህ ወዲህ ላስቲክ በለበሰ ፍጥረት መማል እንደማይገባ፤ ሐብታሙ የእሑዱን ማይክሮፎን እንዲይዝ፣ ነገር ግን ያኤል ዕረፍቷ እስኪያልቅ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጣ ቃል በቃል እንድትከታተለው፤ የቅዳሜውን ትርጉም ግን እውነት የማትፈራው ያኤል እንድትወስድ። ሐብታሙም ሁለተኛውን ረድፍ ከፈራ ጀምሮ ሰባኪው ባስረዘመ ቁጥር እርሱም አስረዘመ፤ በዚያ እሑድም ጉባኤው በዘጠኝ ሰዓት ምሳ ሳይበላ ተበተነ፤ እውነትም ምን ያህል እንደምትረዝም ሕዝቡ ያን ጊዜ ዐወቀ።

ወእምዝ ሰባተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ያኤል በተርጓሚው ወንበር፣ ሐብታሙ በምትወዛወዘው። በስክሪኑም ሰማያዊው የዝገትን ንጉሥ ከኋላው ይዞ ሰይፉን በደረቱ ሰካ፣ ዞሮም በቀዩ ፊት ተንበርክኮ አንድ ነገር ተናገረ። ያኤል ጽሑፉን አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያም «‘ለስለላ ነበር የሄድኩት’ ነው የሚለው» አለች።

ማንም አላመናትም። ሙርሺዳ፣ ንጉሧ ሞቶባት፣ «ወላሂ ይሄ ወንበር ነው ችግሩ!» ብላ ጮኸች። እትዬ ጌጤ «አንቺም? ሕግ ተምረሽ?» አሉ። ያኤል «ማሚ፣ አይ ስዌር፣ እንደዛ ነው የሚለው!» እያለች ወደ ሐብታሙ ተመለከተች፤ ሐብታሙም በውሸት የታወቀ ሰው ስለ ሆነ ምስክርነቱ አይጠቅማትም ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ጆኒ ዞሩ። ጆኒ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «እውነቷን ነው» አለ፤ ክርክሩም በዚህ ቃል ተዘጋ። ጋሼ ተካልኝ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ወደ በሩ ሄዱ፣ ሐብታሙን በግንባሩ ሳሙት። ሐብታሙም ለማንም በማይሰማ ድምፅ «እኔ እኮ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር» አለ።

ነገር ግን ገና አላበቃም ነበር። በዚያው ክፍል መጨረሻ፣ ሰዓቱ ሊሞላ ሲል፣ የእትዬ ጌጤ ቀዩ፣ አለቃው፣ የማይነቀነቀው፣ ወደ ወደቀው ንጉሥ ሄደ። የዛገውን ዘውድ ከመሬት አነሣ። በራሱ ላይ ደፋው። ዓይኑ እንደ ፍም ቀላ፣ አንድ ዐረፍተ ነገርም ተናገረ፤ ጽሑፉም ወጣ። እትዬ ጌጤ ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው «ምን አለ? የኔ ቀይ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ።

ያኤል የማትፈራዋ አፏን ከፈተች። ጽሑፉን አየች፤ እናቷን አየች፤ የእናቷን ጉልበት አየች። አንድ ሰከንድ አለፈ። ሁለት አለፈ። በሦስተኛው ሰከንድ፣

«ዘውዱን... ዝገቱን ሊያስለቅቀው ነው የወሰደው» አለች። «ሊያጥበው።»

በበሩ አጠገብም ወንበሯ ተንቀጠቀጠች፤ ሐብታሙ ባለ ሁለት ልሳን ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ማይክሮፎን የያዘ ያህል እጁን አንሥቶ «ልክ ነው፣ በሎሚ» ሲል አጸና። ጆኒ ነጻሬ ስልክ ስክሪኑን አንዴ አየ፣ እትዬ ጌጤን አንዴ አየ፣ ወደ ኳሱም ተመለሰ።

እንግዲህ ክብር ለሐብታሙ ዘኢስትሊ ይሁን፣ አንድ ከሃዲ ስድስት ሳምንት በአማርኛ በታማኝነት ላኖረ፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ እሳትን ምስጥ፣ ገደልን ዋና፣ ክህደትንም ስለላ ላደረገ፤ ከወንበር ወርዶ ደቀ መዝሙር ላፈራ። ሰይፍ ያነሡ ብዙዎች ናቸው፤ ሁለት ጉልበቶችን በአንድ ሶፋ ላይ ያቆየ ግን እርሱ ነው። ሊፍቱ እስኪነሣ ድረስ ስሙ በአምስቱም ፎቅ ይጠራ፤ ሊፍቱም የሚነሣ አይመስልም።